ያገለገለ የአሜሪካ ብየዳ ማሽንና ጄኔሬተር ደብረ ብርሃን ላይ፦ የት ይቀመጥ? ኃይሉስ ለምን ይወድቃል?

ብረታብረት_ደብረብርሃን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ የመጋዘን ጣሪያ ትራስ (ጣሪያውን የሚሸከም የብረት ፍሬም) እየሠራን ነው። ብረቱ አንጎላሬ 50×50×5 እና አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ነው፤ ላዩ ላይ የሚያርፈው ፐርሊን (ቆርቆሮ የሚመታበት አግዳሚ) ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ነው። ሳይቱ ላይ ያለው መስመር ብየዳ ስለማይችል ከአሜሪካ የመጣ፣ ያገለገለ፣ በቤንዚን የሚሠራ የብየዳ ማሽን ተገዛ። ብየዳው ዲሲ እስከ 185 አምፔር ነው፣ ጄኔሬተሩ 120/240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 6,000 ዋት ይላል። ሞተሩ ሆንዳ ጂኤክስ390 ነው። መመሪያ መጽሐፉ አብሮ አልመጣም።

የምጠይቀው፦ ክረምት ስለሆነ ከዝናብም ከሌባም እንዲተርፍ ማሽኑን መጋዘኑ ውስጥ አስቀምጠን ብንሠራስ? በሦስት በኩል ግድግዳ አለው፣ በሩ ገና አልተገጠመም፣ ጣሪያው ግማሽ ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ የጥበቃና የቢሮ ክፍሉ የራሱ ቆጣሪ አለው፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ከማሽኑ ገመድ ስበን የቢሮው ሶኬት ላይ ብንሰካ ክፍሎቹ ሁሉ ይበራሉ ይላሉ ልጆቹ። ሦስተኛ፣ መሬት ውስጥ የአርዝ ብረት መቅበር ግዴታ ነው? የመጨረሻው፣ በ3.2 ሚሊሜትር 7018 ኤሌክትሮድ በ130 አምፔር ስንበይድ ሌላው ልጅ ትልቁን ግራይንደር ሲያስነሳ አርኩ (የብየዳው ብልጭታ) ይጠፋል፣ ሞተሩም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?

ሳይት_ደህንነት

ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት የመጀመሪያውን ጥያቄህን ልመልስ፤ ሌላው ነገ ቢስተካከል ይደርሳል፣ ይሄ ግን አይደርስም። ማሽኑን መጋዘኑ ውስጥ አታስነሳው። በሩ አልተገጠመም፣ ጣሪያው ግማሽ ክፍት ነው የሚለው አያድንም።

ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። የሚሸተው ሌላው ጭስ ስለሆነ «ጭሱ ወጥቷል፣ አይሸትም» ብሎ መተማመን አይቻልም። አገራችን ውስጥ በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ ሰው የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው፤ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ከምድጃው እጅግ የበለጠ ያወጣል። 1 በመቶ ማለት 10,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10,000 እጅ) ነው፣ ካታሊስት የሌለው ትንሽ የቤንዚን ሞተር ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚያወጣው ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ብዙ በመቶ ይሆናል። ሰው ግን 400 ፒፒኤም ባለበት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ራሱን ያመዋል፤ 1,600 ከደረሰ በ20 ደቂቃ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፣ ከዚያ ካልወጣ ይሞታል። ጋዙ ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚይዘው ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው፤ ስለዚህ ጥቂቱም እየተጠራቀመ ይሄዳል።

እናንተ ያላችሁበት ቦታ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ የሠራተኛው ደም ከመጀመሪያውም ኦክስጅን አይተርፈውም። ጥቁር ጭሱ የሚያሳየው ደግሞ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት፣ አየር አንሶት እየተቃጠለ መሆኑን ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ከጤነኛው የበለጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመርታል።

እንዲህ አድርግ። ከመጋዘኑ በር፣ መስኮትና ከጥበቃ ክፍሉ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ደረቅና ደልዳላ ቦታ ላይ አራት እግር ያለው፣ ጎኑ ሁሉ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ዳስ ሥራለት። ቆርቆሮው ከማርሚታው ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል። በዙሪያው 1 ሜትር ባዶ ቦታ ተው፤ ማቀዝቀዣ አየሩን የሚስበው በአንድ በኩል፣ ትኩሱን የሚያወጣው በሌላው ስለሆነ ግድግዳ ከተጠጋ የራሱን ሙቀት መልሶ ይጠጣል። ማርሚታው ሰው ከሚሠራበት ወደ ውጭ ይዙር፤ እዚያ ነፋሱ አቅጣጫ ስለሚቀያይር በየጠዋቱ እዩት። ሸራ ጠቅልሎ ማሠራት የለም። ሌባው ነገር ማታ ይታሰባል፦ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ የቤንዚኑ መክፈቻ ተዘግቶ ሰው የማይተኛበት መጋዘን ውስጥ በሰንሰለት ይታሰር።

ልጆቹ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካጥወለወላቸው ወይም ጉልበታቸው ከከዳቸው ብርድ ነው፣ ርሃብ ነው አትበሉ። ሁሉም ወደ ንጹህ አየር ይውጣ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ራሱን የሳተ ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወልና ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም ይሂድ። ውስጥ የወደቀ ሰው ካለ ለማውጣት የሚገባው ሰው ትንፋሹን ይዞ እንኳ ብቻውን አይግባ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው የሚሞተው አዳኙ ነው።

መስመር_ኤሌክትሪሽያን

ቢሮው ሶኬት ላይ የመሰካቱን ሐሳብ ዛሬውኑ እርሱት። ገመዱ ሁለቱም ጫፍ ላይ ወንድ ሶኬት ይኖረዋል ማለት ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲነቀል እጅ ላይ ያለው ብረት 240 ቮልት ተሸክሟል። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ከቆጣሪው በላይ ያለው መስመር ስላልተቆረጠ የእናንተ ጄኔሬተር ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ 220 ገብቶለት በሌላው በኩል 15,000 ቮልት ያወጣል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ በዚያ ይሞታል። መብራቱ ድንገት ሲመለስ ደግሞ ጄኔሬተራችሁ ከመስመሩ ጋር ይጋጫል፣ ጥቅልሉ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል።

«ዋናውን ብሬከር እያጠፋን ነው የምንሰካው» የሚል አይጠፋም። ሕይወት በአንድ ሰው ትዝታ ላይ አይንጠለጠልም። ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከማሽኑ ቀጥታ በኤክስቴንሽን መብራትና ቻርጀር መስጠት፤ ለጥበቃ ክፍል ይበቃል። ሁለተኛው፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ባለ ሁለት ፖል (ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ) ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም የመስመር መቀያየሪያ፣ ከቆጣሪው በኋላ እንዲገጥም ማድረግ። ቼንጅ ኦቨሩ ከመስመር፣ ባዶ፣ ከጄኔሬተር የሚል ሦስት ቦታ ያለው ይሁን፤ መሃሉ ላይ ባዶ ስላለ ሁለቱ በምንም ዓይነት አይገናኙም።

ስለ አርዝ ብረቱ። ማሽኑ ግራይንደርና ድሪል በገመድ ብቻ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ መሬት ውስጥ ብረት መቅበሩ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የእያንዳንዱ መሣሪያ የአርዝ ሽቦ ከማሽኑ ቦዲ ጋር በትክክል መያያዙ ነው። ቼንጅ ኦቨር ገጥማችሁ የቤት መስመር ስትመግቡ ግን ብረቱ ይቀበራል። ብዙ ሰው ብረት ከቀበረ ድንጋጤ የማይደርስበት ይመስለዋል። ስሌቱን እዩት፦ ደረቅ አፈር ላይ የተቀበረ ብረት 50 ኦም ቢኖረው፣ 120 ቮልት በ50 ሲካፈል 2.4 አምፔር ነው። 20 አምፔር ብሬከር ይሄን አያየውም፣ ቦዲው ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ሰው የሚያተርፈው 30 ሚሊአምፔር የሆነው የፍሳሽ መቁረጫ ብሬከር (ጅረት ሲያፈስ የሚቆርጥ) ነው።

ብየዳ_ሜሪላንድ

እዚህ አሜሪካ የሚሸጡትን እነዚህን ማሽኖች ስለማውቃቸው ወንድማችን ከላይ ባለው ላይ ልጨምር፤ የአሜሪካ 240 ቮልት ከአገራችን 220 ጋር አንድ አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው።

አገር ቤት አንዱ ሽቦ ፌዝ፣ ሌላው ኑትራል ነው። በዚህ ማሽን 240 ቮልቱ የሚገኘው በሁለት ፌዞች መካከል ነው፤ እያንዳንዱ ከቦዲው ጋር 120 ቮልት አለው። ስለዚህ የግራይንደራችሁ ሁለቱም ሽቦ ሕያው ነው። ኤክስቴንሽኑ ላይ ያለው ነጠላ ማብሪያ አንዱን ብቻ ስለሚቆርጥ መሣሪያው ጠፋ ብላችሁ ካርቦኑን (የሞተሩን ብሩሽ) ልትቀይሩ ብትከፍቱት 120 ቮልት ውስጡ ይጠብቃችኋል። ማብሪያውም ብሬከሩም ሁለቱንም የሚቆርጥ ባለ ሁለት ፖል መሆን አለበት፣ ጥገና ሲሆን ደግሞ ከሶኬት መንቀል ነው።

የፍሳሽ መቁረጫ ከመግጠማችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ፣ ምንም ነገር አይሰካ፣ ከዚያ በሜትር ከ120 ሶኬቱ ኑትራል ቀዳዳ እስከ ማሽኑ ቦዲ ያልተቀባ ብረት ድረስ ለኩ። ወደ ዜሮ ኦም ከቀረበ ኑትራሉ ከቦዲ ጋር ታስሯል፣ መቁረጫው በትክክል ይሠራል። ካልተገናኘ ኑትራሉ ተንሳፋፊ ነው፤ አንዱ መሣሪያ ቦዲው ላይ ቢያፈስ ጅረቱ የሚመለስበት መንገድ ስለማያገኝ መቁረጫው አይቆርጥም፣ የመጀመሪያው ብልሽት ተደብቆ ይቆይና ሁለተኛው ሲጨመር ሰው ይይዛል። የእነዚህ ማሽኖች አብዛኞቹ ሲሠሩ የታሰሩ ናቸው፣ ግን ያገለገለ ማሽን ስለሆነ ማን ምን እንደፈታ አይታወቅም፤ ለኩት።

60 ኸርዙስ? ካርቦን ያለው ግራይንደር፣ ድሪል፣ መቁረጫ ግድ የለውም። ካርቦን የሌለው ሞተር ያለበት ነገር፣ ማለትም የውሃ ፓምፕና ኮምፕረሰር፣ 20 በመቶ ይፈጥናል። ሴንትሪፉጋል የውሃ ፓምፕ የሚፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ስለሚያድግ 1.2×1.2×1.2 ሲባዛ 1.73 ይሆናል፣ ማለትም 73 በመቶ ተጨማሪ ጭነት። ፓምፑ ይቃጠላል። «ሞተሩን ቀንሼ 50 ኸርዝ አደርገዋለሁ» የሚል መካኒክ ካገኛችሁ አትፍቀዱለት፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ቮልቴጁም ብየዳውም ይወርዳል፣ ጥቅልሉም ይሞቃል።

ሞተር_ጥገና_አዳማ

አሁን ጥቁር ጭሱና አርክ መጥፋቱ። ማሽኑ የተበላሸ አይመስለኝም፤ ከፍታውና ጭነቱ ናቸው።

የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ 3.5 በመቶ ጉልበት ያጣል። 2,800 ሜትር ላይ ሲሰላ 33 በመቶ ገደማ ነው። ጂኤክስ390 «13 የፈረስ ጉልበት» እየተባለ ቢሸጥም ሆንዳ የሚሰጠው የተጣራ ኃይል 8.7 ኪሎዋት ነው፤ እዚያ ላይ 5.8 ኪሎዋት ይቀረዋል። በ130 አምፔር ስትበይድ አርኩ ላይ 25 ቮልት አለ እንበል፣ 130 በ25 ወደ 3,300 ዋት። የማሽኑን ብክነት ስትጨምር ሞተሩ ወደ 5 ኪሎዋት ይሰጣል። የቀረው 0.8 ኪሎዋት ነው፣ እሱም ወደ ሶኬት ሲደርስ ወደ 600 ዋት ይወርዳል። ትልቁ 230 ሚሊሜትር ግራይንደር ሲሠራ ብቻ ወደ 2,200 ዋት ይፈልጋል፣ ሲነሳ ደግሞ ብዙ እጥፍ። እና አርኩ ምን ያድርግ? ጽሑፉ ላይ ያለው 6,000 ዋት ደግሞ ብየዳ በሌለበት፣ ከፍታ በሌለበት ነው። ብየዳና ሶኬት ከአንድ ሞተር ነው የሚበሉት።

መፍትሔው መጀመሪያ ሥራው ላይ ነው። 5 ሚሊሜትር አንጎላሬ በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ75 እስከ 95 አምፔር በደንብ ይበየዳል። በ85 አምፔር ሲሆን ሞተሩ 3 ኪሎዋት ገደማ ነው የሚሰጠው፣ ለትንሹ 115 ሚሊሜትር ግራይንደር ይተርፋል። ትልቁን ግራይንደር ስታስነሱ በያጁ ይቁም፣ ተነጋገሩ። አንዱ ፓስ (አንድ የብየዳ መስመር) በቂ ካልሆነ ሁለት ፓስ ይሁን። ኤሌክትሮዱ መሐንዲሱ በሰጠው ሥዕል ላይ የተጻፈው ይሁን እንጂ ዲያሜትሩን መቀነስ ብዙ ጊዜ አይከለከልም፤ ጠይቁት።

ቀጥሎ ካርቡሬተሩ። ለከፍታ ቦታ የሚሆን ትንሽ ቀዳዳ ያለው ዋና ጄት (የቤንዚን ማሳለፊያ) አለ፤ በሞተሩ ቁጥር ጠይቃችሁ ግዙ። ቀዳዳውን በሽቦ ማጥበብ፣ በመርፌ ማስፋት የሚባል የጋራዥ ዘዴ አትሞክሩ። ጄቱ ሲቀየር ጥቁር ጭሱ ይጠፋል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ካንዴላው አያጠቁርም፤ ያጣነውን 33 በመቶ ግን አይመልስም፣ አየሩ ራሱ የለማ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ማሽኑ በኋላ ወደ ቆላ ከወረደ የድሮው ጄት ይመለስ፤ ያለዚያ ቤንዚኑ አንሶት ይግላል፣ ፒስተን ይበላል።

ከጄቱ በፊት ግን ርካሹን እዩ። የአየር ፊልትሮ በአቧራ ከተዘጋ ያው ጥቁር ጭስ ነው። በየ50 ሰዓቱ ይጸዳል፣ አቧራ በዛበት ሳይት በየቀኑ ይታይ። ካንዴላው ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር። ዘይቱ 1.1 ሊትር 10ደብሊው-30፣ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ያገለገለ ስለሆነ አሁኑኑ ቀይሩና ከዚያ ቁጠሩ። በየቀኑ ጠዋት፣ ማሽኑ ደልዳላ ላይ ሆኖ፣ ሳይነሳ ይለካ። አነስተኛ ዘይት ሲሆን የሚያጠፋው ሴንሰር አለው፤ ያዘነበለ ቦታ ላይ ያለምክንያት ሲያጠፋ ሽቦውን ይቆርጡታል፣ በሳምንቱ ሞተሩ ይነክሳል። ማሽኑን ማስተካከል እንጂ ሴንሰሩን መቁረጥ መፍትሔ አይደለም።

ፍጥነቱን በሜትር እዩት፦ ያለ ጭነት 62 ኸርዝ ገደማ፣ ሲጫን 58 አካባቢ። ጭነት ሲመጣ ከዚያ በታች ከወረደ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው፤ ገቨርነሩን (የሞተሩን ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ማጥበቅ ምንም አይፈይድም። ራሱ ፍጥነት የሚቀንሰው አይድል መቆጣጠሪያ ካለው፣ ስልክ ቻርጀርና አንድ አምፖል ብቻ ሲሰካ ጭነቱን አያስተውለውም፣ ቮልቴጁ ወርዶ ይቆያል። በዚያን ጊዜ ማብሪያውን ሁልጊዜ ፈጣን ወደሚለው አዙሩት።

ቤንዚን ሲሞላ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ታንኩ እስከ አፉ አይሞላም፤ ቤንዚን ሲሞቅ ስለሚሰፋ ከአፉ ወደ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ዝቅ ይበል። የፈሰሰ ካለ ተጠርጎ፣ ደርቆ ነው የሚነሳው። ጀሪካኑን ፒካፕ ላይ እንዳለ አትሙሉት፣ መሬት አስቀምጡ፤ የፕላስቲክ ንጣፍ ላይ ስታቲክ ይጠራቀማል። ቤንዚን እስኪያልቅ እየበየዱ ማሠራትም ጥሩ አይደለም፣ በጭነት ላይ እየተንተፋተፈ ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ቀሪ ማግኔቱን ሊያጣና በሚቀጥለው ሲነሳ ምንም ቮልት ላያወጣ ይችላል። ስታጠፉ መሣሪያውን ሁሉ ነቅላችሁ 3 ደቂቃ ያለ ጭነት አሠርታችሁ ነው።

ብረታብረት_ደብረብርሃን (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዳሱን ዛሬ ጀመርን፤ ፊልትሮውም ጭቃ ሆኖ ነው የተገኘው። ማሽኑ ከወጣ ግን የብየዳ ገመዱ ሊረዝም ነው። ኤሌክትሮድ 20 ሜትር፣ ማሳ (የመመለሻ ገመድ) 20 ሜትር ያስፈልገናል፤ ገበያ ላይ ርካሽ 16 ካሬ (ሚሊሜትር ካሬ) አለ፣ ይሆናል? ትራሱ ላይ ወጥተው በዝናብ መሃል የሚበይዱ ልጆችም አሉ። ጋልቫናይዝዱን ለሚበይዱት ደግሞ በየቀኑ ወተት እንገዛላቸዋለን፣ በቂ ነው?

አርክ_እና_አንጎላሬ

16 ካሬውን ተወው። የምትቆጥረው ሁለቱን ደምረህ ነው፣ 40 ሜትር። በ130 አምፔር 16 ካሬ መዳብ ላይ ወደ 6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ 35 ካሬ ላይ ግን ከ3 ቮልት በታች። አርኩ የሚፈልገው 25 ቮልት ስለሆነ 6 ማጣት ብዙ ነው፤ በያጁ አምፔር ይጨምራል፣ ያ ጉልበት ያጣው ሞተር ይታነቃል፣ ገመዱ ይግላል። 35 ካሬ ግዛ። ሲገዛ ጫፉን በቢላዋ ፋቀው፦ ርካሹ ብዙ ጊዜ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው፣ ሲፋቅ ነጭ ይወጣል፣ የመሸከም አቅሙ በጣም ያንሳል። የተጠቀለለ ገመድ ይፈታ፣ አንገትና ትከሻ ላይ አይጠቀለል።

ማሳው ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ የተፋቀ ብረት ላይ ይያዝ። መጋዘኑ አንድ ጫፍ ላይ ይዛችሁ ሌላው ጫፍ ላይ ከበየዳችሁ ጅረቱ በቦልት፣ በስካፎልዲንግ መጋጠሚያ፣ በማንሻው ሰንሰለት አድርጎ ነው የሚመለሰው። ሰንሰለቱና የብረት ገመዱ ውስጥ ውስጡን ይቃጠላሉ፣ ላዩ ግን ደህና ይመስላል፣ ከዚያ ትራስ ተሸክሞ ይበጠሳል። ይሄን በጣም ነው የምፈራው፣ ስለማይታይ።

ዝናቡን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፦ በዝናብ ብየዳ የለም። ሳይበየድ በሆልደሩ (በኤሌክትሮድ መያዣው) ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ60 እስከ 80 ነው። ለደረቀ ሰው በጓንት ቀላል ይመስላል፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ፣ እርጥብ ብረት ላይ ተቀምጦ፣ በብረት ተከቦ ላለ ሰው ግን ልብ የሚያቆም ነው። ከፍታ ላይ ያለ በያጅ ደግሞ ድንጋጤው ባይገድለውም ይወድቃል፤ ስለዚህ የደህንነት ቀበቶው ሁልጊዜ ይታሰር፣ ከሚበየደው ብረት ሌላ ላይ። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ደረቅ የቆዳ ጓንት፣ ጎማ ጫማ፣ ሥር ደረቅ ሳንቃ ይኑር። ጓንቱ በላብ ሲረጥብ ተለዋጭ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮድ የሚቀየረው በጓንት ነው። ሆልደር ብብት ውስጥ አይያዝም። ማሽኑ ቮልቴጅ መቀነሻ ያለው ከሆነ አይቋረጥ። የአምፔር ሬንጅና ፖላሪቲ መቀየሪያው እየተበየደ አይዞርም፣ ኮንታክቱ ይቃጠላል።

7018ቱን ደግሞ ክረምት ላይ ክፍት ካርቶን ውስጥ ካስቀመጣችሁት እርጥበት ይጠጣል፣ ሃይድሮጅን ብየዳው ውስጥ ይገባል፣ ቀዳዳ ይሠራል፣ ከቀናት በኋላም ሊሰነጥቅ ይችላል። ከፓኬቱ የወጣው በ120 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ሳጥን ይቀመጥ፤ ለአራት ሰዓት ሥራ የሚበቃውን ብቻ አውጡ። ሳጥኑ ከማሽኑ ሶኬት ሊሠራ ይችላል፣ ትንሽ ነው የሚበላው።

ወተቱ ጥሩ ምግብ ነው፣ ስጧቸው። ግን ከዚንክ ጭስ አያድንም፤ ጭሱ የሚገባው በሳንባ ነው፣ ወተቱ የሚገባው በሆድ። በዚንክ የተመረዘ ሰው ማታ እንደ ወባ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። የሚያድነው ከብየዳው ቦታ በሁለቱም በኩል ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ዚንኩን በግራይንደር ፍቆ መበየድ፣ ነፋሱን በጎን አድርጎ መቆም፣ ለብየዳ ጭስ የሚሆን ባለ ፊልትሮ ማስክ ማድረግ ነው። ዚንኩ ሲፈጭ ያለው አቧራም ያው ስለሆነ እዚያም ማስክ። ከብየዳ በኋላ የተፋቀው በዚንክ ቀለም ይሸፈን፣ ያለዚያ ይዝጋል።

መነጽርን በተመለከተ፦ በፀሐይ መነጽር የሚበይድ አንድም ሰው እንዳይኖር። በ85 አምፔርም በ130 አምፔርም 10 ቁጥር መስታወት ጥሩ ነው፣ ከ160 በላይ 11 ወይም 12። የሚያቃጥለው ጨረር ስለማይታይ ዓይን የሚያሳክከው ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ማታ ነው። የሚይዝለት ረዳቱም ማስክ ያስፈልገዋል፤ ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው።

ሳይት_ደህንነት

አንድ ነገር ዘለልን፣ እሳት። ትራስ ላይ የሚበየድ ብልጭታ 11 ሜትር ርቆ ይሄዳል፣ ከላይ ሲወርድ ደግሞ ከዚያ በላይ። የጀሪካኑ ቤንዚን፣ የእንጨቱ ፎርም ሥራ፣ የጭድና የካርቶን ክምር ከዚያ ርቀት ውጭ ይሁን ወይም በማይቃጠል ነገር ይሸፈን። የኬሚካል ዱቄት ማጥፊያ አንዱ ከማሽኑ አጠገብ፣ አንዱ ከብየዳው በታች ይቀመጥ። ብየዳው ካቆመ በኋላ አንድ ሰው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቦታውን ይጠብቅ፤ በሳንቃ ስንጥቅ የገባ ብልጭታ ተደብቆ ቆይቶ ነው የሚነሳው። ቤንዚን ወይም ዘይት የነበረበት በርሜል ደግሞ ለምንም ሥራ አይበየድም፣ ታጥቧል ቢሉህም።

ብረታብረት_ደብረብርሃን (ጠያቂ)

ፍሳሽ መቁረጫው ላይ ለማረጋገጥ፦ ኑትራል ከቦዲ 0.3 ኦም አነበበ። እንግዲያው ታስሯል ማለት ነው? የ240 ቮልቱ ሁለቱም ፌዝ በመቁረጫው ውስጥ ያልፋል?

ብየዳ_ሜሪላንድ

አዎ፣ ታስሯል። ባለ ሁለት ፖል፣ 30 ሚሊአምፔር፣ ሁለቱም ፌዝ ውስጡ ይለፍ። አረንጓዴው አርዝ ግን በውጭ ነው የሚሄደው፣ በመቁረጫው ውስጥ አይለፍ፣ ካለፈ ፍሳሹን አያይም። ሳጥኑ ውሃ የማያስገባ ይሁን፣ ከማሽኑ ሶኬት በቅርብ ይሰቀል። የአሜሪካውን ወንድ ሶኬት ስትቀይሩ አረንጓዴውን ሽቦ ትታችሁ ሁለት ብቻ እንዳታገናኙ፤ አብዛኛው ችግር የሚጀምረው እዚያ ነው። ከገጠማችሁ በኋላ ሞተሩ ተነስቶ የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫኑ፣ መቁረጥ አለበት። ከዚያ በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት እንደገና ተጫኑት፤ አንድ ቀን ካልቆረጠ በዚያ ሶኬት ማንም አይሥራ፣ እስኪቀየር ድረስ።